የምክር ዓምድ፦ «ጸለይኩ፤ አልሰማኝም»

ደብዳቤው የመጣው ከወልድያ ነው። ሰውየውንና ሰፈሩን የሚያሳውቀውን አውጥቼ፣ ረዘም ያለውን አሳጥሬ እነሆ።

«ይድረስ ለእትዬ። በ2013 ነሐሴ ጦርነቱ ወልድያ ሲገባ እኛ ከቤት አልወጣንም። ባለቤቴ የስኳር ሕመምተኛ ነበር፤ ኢንሱሊን የሚወጋ። መድኃኒቱ አለቀበት፤ ፋርማሲው ተዘርፏል፣ መንገዱም ተዘግቷል። መስቀል ሳይደርስ ዐረፈ። ልጄ ያኔ 9 ዓመቱ ነበር። አባቱ በታመመበት ሰሞን ‹እግዚአብሔር የሕፃን ጸሎት ቶሎ ይሰማል፤ ለአባትህ ጸልይ› እያልኩ ማታ ማታ አስጸልየው ነበር። ባለቤቴ ሲያርፍ ልጁ ጎረቤት ስለነበር አላየም። እንዳይደነግጥ ብለን ‹ለሕክምና ደሴ ሄዷል› አልነው፤ ጥቁር እንኳ ሳልለብስ ሐዘኔን ውጬ ተቀመጥኩ። እሱ ግን ጸሎቱን አላቋረጠም። እውነቱን የነገርነው ከተማው ከተለቀቀ በኋላ ነው። አሁን 13 ሞላው። ቤተ ክርስቲያን አይሄድም። ሲቆጣ ‹ጸለይኩ፤ አልሰማኝም› ይላል። ባለፈው ዐቢይ ጾም እያወቀ ጎረቤት ቤት ወተት ጠጥቶ መጣ፤ እኔም በንዴት በቀበቶ መታሁት። አማቴ ደግሞ ‹አባቱ ለግሸን ማርያም በእግሬ እመጣለሁ ብሎ ተስሎ ሳይሄድ ቀረ፤ የወሰደው እሱ ነው› ይላሉ፤ ልጁ እየሰማ። እኔም አንዳንድ ሌሊት አቡነ ዘበሰማያት ጀምሬ መጨረስ ያቅተኛል፤ ልጄ እንዳያውቅብኝ እደብቃለሁ። እንዴት አድርጌ ወደ እምነቱ ልመልሰው?»

እህቴ፣ ዘግይቶም ቢሆን ለባለቤትሽ ነፍስ ይማር። አንቺንም እግዚአብሔር ያጽናሽ።

ደብዳቤሽን ባነበብኩ ቁጥር ዐይኔ የሚመለሰው ቀበቶው ላይ ወይም ወተቱ ላይ አይደለም። «ለሕክምና ደሴ ሄዷል አልነው» ያልሽው ላይ ነው። አንድ መስመር ሰጥተሽው አልፈሻል፤ የልጅሽ ነገር የተቋጠረው ግን እዚያ ይመስለኛል። ባለቤትሽ ያረፈው ከመስቀል በፊት ነው። ወልድያ የተለቀቀችው በ2014 ታኅሣሥ ነው። ሦስት ወር ገደማ ማለት ነው። ያ ልጅ ሦስት ወር ሙሉ የተቀበረ አባቱን «አድንልኝ፣ ከደሴ መልስልኝ» እያለ ሲለምን ኖሯል። በዙሪያው የነበሩት ትልልቅ ሰዎች ደግሞ ነገሩን እያወቁ አሜን ብለውለታል።

አሁን «አልሰማኝም» ሲልሽ ምን እያለሽ እንደሆነ መለስ ብለሽ አስቢው። ቂሙ ከእግዚአብሔር ጋር ብቻ አይመስለኝም። ከዚያ አሜን ጋር ነው። አንቺን ፊት ለፊት «ዋሸሽኝ» ማለት ከበደው፤ ያለችው እናት አንድ ናት፣ እሷንም ቢያጣት ማን ይቀረዋል? እግዚአብሔርን መቆጣት ይቀላል። ደሞም ደኅና ቦታ ነው የወሰደው፤ እግዚአብሔር የልጅ ቁጣ ይችላል።

ልወቅስሽ አይደለም። መርዶ መደበቅ የሁላችንም ልማድ ነው። ለትልቅ ሰው እንኳ ዘመድ ተሰብስቦ ንጋት ላይ ነው የምንነግረው፣ ብቻውን ሰምቶ እንዳይወድቅ። ለልጅ ሲሆን «ውጭ አገር ሄዷል»፣ «ሐኪም ቤት ነው» እያልን ዓመት እናስቆጥራለን፤ ልጁ ግን ከፊታችን ያነበዋል፣ የባሰውን በልቡ ይጨምርበታል። አንቺ ደግሞ ይህን ያደረግሽው ታጣቂ በሚዞርበት ከተማ፣ ጮኸሽ ማልቀስ በማትችይበት ሰዓት ነው። ሰው ሆኖ በዚያ ሰሞን ሌላ ዓይነት ብልኃት የሚያገኝ ብዙ የለም። ቢሆንም ዕዳው አለ፤ መከፈልም አለበት።

ስለዚህ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመውሰድሽ በፊት ይቅርታ ጠይቂው። እናት ልጇን ይቅርታ ስትጠይቅ በአገራችን ብዙም ስለማይታይ አፍሽ ላይ ሊከብድሽ ይችላል። በራስሽ አነጋገር አድርጊው፤ ይህን የመሰለ ይሁን፦ «የኔ አባት፣ አባትህ ያረፈው ከመስቀል በፊት ነው። አንተ ደሴ ነው ብለህ ስትጸልይለት እኔ አውቅ ነበር። ፈርቼ ዋሸሁህ። ልዋሽህ አይገባኝም ነበር። ይቅር በለኝ።» እዚህ ላይ አቁሚ። «ለአንተው ብዬ እኮ ነው» የምትለዋን አትጨምሪ፤ እሷ ከገባች ይቅር ማለቱ ቀርቶ አንቺን ማጽናናት የእሱ ሥራ ይሆናል። ወዲያው መልስ አትጠብቂ። ተነሥቶ ቢወጣ ይውጣ።

ሲመለስ፣ በዚያው ቀን ይሁን ከወር በኋላ፣ ጥያቄ ይዞ ነው የሚመጣው። እንዴት ሞተ? ማን አጠገቡ ነበር? የት ተቀበረ? ስሜን ጠርቶ ነበር? እያንዳንዱን በእውነት መልሺለት። ስሙን ጠርቶ ካልነበረ ጠርቶ ነበር አትበይው፤ ከእንግዲህ አንዲት ውሸት ብታገኝሽ ያለፈውን ይቅርታ ሁሉ ታፈርስብሻለች። መቃብሩንም አሳዪው። በዚያ ጊዜ ፍትሐቱ በጥድፊያ ተደርጎ፣ አርባውም ሳይወጣ ቀርቶ ከሆነ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋግረሽ አሁን አስደርጊለት፤ ልጁም እንደ ልጅነቱ ከፊት ይቁም። የአባቱን ቀብር ተነፍጓልና ቢያንስ ይህን አይነፈግ።

ሁለተኛው ነገር «የሕፃን ጸሎት ቶሎ ይሰማል» ያልሽው ነው። በቅን ልብ ነው ያልሽው፤ እናቶቻችንም ብለውናል። የ9 ዓመት ልጅ ግን እንዲህ ብሎ ያሰላዋል፦ የንጹሕ ልጅ ጸሎት ይሰማል፤ የኔ አልተሰማም፤ እንግዲህ ወይ እኔ ንጹሕ አይደለሁም፣ ወይ የሚሰማ የለም። ልጅሽ አሁን ሁለተኛውን ይዟል። እኔ የምፈራው የመጀመሪያውን ነው፤ አባቴ የሞተው በኔ ጸሎት ጉድለት ነው የሚለውን። ሌሊት ብቻውን ሲሆን የሚመጣበት እሱ ሊሆን ይችላል።

ይህን የሚፈታው ስብከት ሳይሆን የሆነውን ነገር በስሙ ጠርቶ መናገር ነው። በየቀኑ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው መድኃኒቱ ጨርሶ ሲቋረጥበት ሰውነቱ ስኳሩን መጠቀም ያቅተዋል፤ በምትኩ ስብ ያቃጥላል፣ ደሙ ውስጥ አሲድ ይከማቻል። ጥማቱ፣ ትውከቱ፣ ቁና ቁና መተንፈሱ፣ መጨረሻም ራስን መሳቱ ከዚያ የመጣ ነው፤ ብዙ ጊዜም በቀናት ውስጥ ያልቃል። መድኃኒቱ ከየትም ቢገኝ እንኳ መብራት በሌለበት ከተማ ቀዝቃዛ ቦታ ማቆየቱ ራሱ ጭንቅ ነበር። ልጅሽ 13 ዓመቱ ነው፤ ይህን ይረዳል። አባቱ ሲያቃስት ያየውና የሰማው ነገር ስም እንዳለው ይወቅ። «አባትህን የገደለው የመድኃኒት መቋረጥ ነው፤ መድኃኒቱን ያቋረጠው ጦርነቱ ነው፤ አንተ ያጎደልከው ነገር የለም» በይው፤ አንዴ ብቻ አይበቃም።

ታዲያ እግዚአብሔር ለምን ዝም አለ? ብሎ ይጠይቅሻል። እህቴ፣ ለዚህ ምክንያት ሠርተሽ አትስጪው። «ስለሚወደው ወሰደው» አትበይው፤ አንተንም እወድሃለሁ የሚል አምላክ ያስፈራዋል። ጌቴሴማኒን ንገሪው። ጌታ ራሱ ላቡ እንደ ደም እስኪወርድ «ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ» ብሎ ለምኗል፤ ያውም ሦስት ጊዜ። ጽዋዋ አላለፈችም። አባት ልጁን ስላልሰማው ወይም ልጁ ንጹሕ ስላልነበረ ነው የሚል ክርስቲያን የለም። ልጅሽ በዚያች ሌሊት ከለመነው ጌታ ጋር አንድ ቦታ መቆሙን ካወቀ፣ የቀረውን ጥያቄ ይዞት ቢያድግ አይጎዳውም።

አሁን ወደ አማትሽ። እሳቸው ልጃቸውን ያጡ እናት ናቸው። ምክንያት የሌለው ሞት አልዋጥ ሲላቸው ስዕለቱን አገኙ፤ ምክንያት ያለው ሐዘን ቀለል ይላል። እኛ ወሎዬዎች ይህን አነጋገር ጠንቅቀን እናውቀዋለን። በ1966 ረሃብ ሕዝቡ ሲረግፍ «በኃጢአታችን ነው» ተባለ፤ የንጉሡ መንግሥት ረሃቡን ሸሽጎት እንደነበር የታወቀው በኋላ ነው። በ1977፣ ያለፈው ዓመት በልጉም ክረምቱም ከሽፎ፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው ኮረም ሰው በየቀኑ ሲቀበር፣ አሁንም «እግዜር ተቆጣን» ብለን አንገታችንን ደፋን፤ አዲስ አበባ ላይ ግን በዚያው መስከረም የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በድግስ ይከበር ነበር። ንስሐ መግባት መልካም ነው፤ ሁልጊዜም ያስፈልገናል። ግን ሰው ያጠፋውን ጥፋት በሟቹ ኃጢአት ላይ ስንጭን አጥፊው ነጻ ይወጣል፤ እግዚአብሔርም በሐሰት ይታማል። ጌታ በሰሊሆም ግንብ ወድቆ ስለገደላቸው 18 ሰዎች ሲናገር፣ ከኢየሩሳሌም ሰው ሁሉ የባሱ በደለኞች ይመስሏችኋልን? ብሎ ጠይቆ፣ አይደለም ብሎ ራሱ መልሷል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ላይ ታገኚዋለሽ። ለአማትሽ አንቺ አታንብቢላቸው፤ ከምራት አፍ አይሰሙትም። ንስሐ አባታችሁ ቤት መጥተው፣ ቡና ተፈልቶ፣ እሳቸው ያንብቡላቸው።

ስዕለቱ ራሱ ቀልድ አይደለም፤ የተሳለ ሰው መክፈል አለበት። ሳይከፍል ለሞተ ሰው ምን እንደሚደረግ ንስሐ አባትሽ ይነግሩሻል፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን ልጁ ከፈቀደ የአባቱን ስዕለት አብራችሁ አድርሱ። ግን በፍርሃት አይሁን። ግሸን የምትከበረው ግማደ መስቀሉ ያረፈባት ስለሆነች ነው፤ መስከረም 21 ያን ሁሉ ሕዝብ አምባሰል ድረስ የሚያስወጣው እሱ ነው። ከመስቀል ሥር ቆማ የልጇን ሞት ያየች እናት፣ የስዕለት ዕዳ ለማስከፈል ከሕፃን ላይ አባት ትነጥቃለች የሚለው ነገር ለኔ ለእመቤታችን የሚገባ ንግግር አይደለም። ይህን ለልጅሽ በግልጽ ንገሪው፤ አያቱን ሳትሰድቢ።

ስለ ራስሽ ጸሎት የጻፍሽው አሳዝኖኛል፤ መደበቅሽ ደግሞ የበለጠ። ልጅሽ የሚያየው በሐዘን የማትነቃነቅ እናት ነው። ከዚያ የሚማረው ደግሞ እምነት ማለት አለመጎዳት ነው፣ እኔ ግን ተጎድቻለሁ፣ ስለዚህ እምነት የለኝም የሚል ነው። ኢዮብን እንደ ታጋሽ ብቻ አድርገን ስለምናስተምር እንጂ መጽሐፉን የከፈተ ሰው ኢዮብ የተወለደበትን ቀን ሲረግም፣ እግዚአብሔርን ለሙግት ሲጠራ ነው የሚያገኘው። ወዳጆቹ መጀመሪያ ላይ መልካም አደረጉ፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፣ አንዲት ቃልም አልተነፈሱ። የእኛ ለቅሶ ቤት ወግ የሚመስል ነገር ነው። የተበላሸው አፋቸውን ከፍተው ምክንያት መደርደር ሲጀምሩ ነው፤ መጨረሻ ላይም እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ላይ ነው፣ በተሟገተው በኢዮብ ላይ አይደለም። ማርታስ ብትሆን? «ጌታ ሆይ፣ አንተ በዚህ ኖረህ ኖሮ ወንድሜ ባልሞተም ነበር» ስትለው ወቀሳ ነው። ማርያምም ያንኑ ደገመችው። ጌታ አንዳቸውንም አልገሠጸም፤ አለቀሰ እንጂ።

ስለዚህ አቡነ ዘበሰማያት አልወጣ ሲልሽ ዳዊቱን ክፈቺ። 21ኛው መዝሙር «አምላኬ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ» ብሎ ይጀምራል። 87ኛው ደግሞ በጩኸት ጀምሮ በሐዘን ያልቃል፤ ከአብዛኞቹ የልቅሶ መዝሙሮች ተለይቶ መጨረሻው ላይ እንኳ የምስጋና ቃል የለውም። ቅዱሳን አባቶች ይህን ከዳዊቱ አላወጡትም፤ ይደገማል። አንቺም ድምፅሽን ሰምቶ ልጅሽ ቢነቃ አትደንግጪ። «ምን ሆነሽ ነው?» ቢል «አባትህ ናፍቆኝ፣ ለምን ወሰድክብኝ እያልኩት ነው» ብትይው ከብዙ ትምህርት ይበልጥበታል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ሐዘንሽን ይየው እንጂ አይሸከምልሽ። «እንግዲህ አባወራው አንተ ነህ» የሚሉት ለቅሶኞች ቤታችሁ ገብተው ከነበረ ያንንም ቃል አንሺለት። 13 ዓመት ልጅ እንጂ አባወራ አይደለም።

ቀበቶውን አስቀምጪው። በዚህ ላይ ብዙ አልልም። ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ልጆቻችሁን አታስቆጡ ያለው በዋዛ አይደለም፤ በግርፋት ቤተ ክርስቲያን የደረሰ ልጅ ደግሞ ከቤት የሚወጣበትን ቀን ይቆጥራል። የ13 ዓመት ልጅ ጾም ይጠበቅበታል፣ አልክድም። ግን ያ ወተት የምግብ ነገር አልነበረም፤ «ታይኛለሽ ወይ?» የሚል ጥያቄ ነበር፣ በማይሆን ቀን ተጠየቀ እንጂ። ጎረቤትሽ ሙስሊም ትሁን ክርስቲያን አልጻፍሽም። ሙስሊም ከሆነች (ወልድያ ነውና ብገምት አትፍረጂብኝ) ጾማችንን ከእኛ ልጆች ባልተናነሰ ታውቃለች፤ ለባልሽም ዱዓ አድርጋለት ይሆናል። ሄደሽ አትጣያት። ቡና ጠጪና «ልጄ አንቺ ጋ ሲመጣ ምን ያወራል?» ብለሽ ጠይቂያት። ልጆች ቤታቸው የማይናገሩትን ጎረቤት ቤት ይናገራሉ፤ ምናልባት አንቺ የምትፈልጊውን ሁሉ እሷ ሰምታዋለች።

ቤት ውስጥ ያለውን ጸሎት አንቺው ቀጥዪ፤ መብራቱን አጥፍተሽ አትደብቂው፣ እሱንም «ና ቁም» አትበይው። በሩ ክፍት ይሁን። ቤተ ክርስቲያኑን በተመለከተ ደግሞ አፉ ጸሎት እምቢ ያለ ልጅ እጁ ሥራ እምቢ ላይል ይችላል። ጥምቀት ሲደርስ ታቦት በሚያልፍበት መንገድ ምንጣፍ የሚያነጥፉ፣ ጎዳና የሚጠርጉ ወጣቶች አሉ፤ መስከረም ላይ ለደመራው እንጨት የሚሸከሙ አሉ። ከእነሱ መካከል ደኅና ጎረምሳ ፈልጊና ልጁን እንዲጠራው ንገሪው፤ አንቺ ግን አትጥሪው። ሰሙነ ሕማማትም ከሌላው ጊዜ ይልቅ ሊስማማው ይችላል። በዚያ ሳምንት ቤተ ክርስቲያን ራሷ ጥቁር ትለብሳለች፣ መስቀል አታሳልምም፣ ሰው ሁሉ ይሰግዳል፤ ደስ ይበልህ የሚለው የለም። ካህኑንም አስቀድመሽ አነጋግሪ፤ ልጁ ሲመጣ «የት ጠፍተህ ነበር?» እንዳይሉት።

ከዚህ ሁሉ ጋር የምትከታተይው ነገር አለ። እንቅልፍ ካጣ፣ በቅዠት እየጮኸ ከነቃ፣ ትምህርቱን ከተወ፣ ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማ ከተንቀጠቀጠ፣ ይልቁንም «ብሞት ይሻለኛል» ዓይነት ነገር ከተናገረ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ወዳለበት ሆስፒታል ውሰጂው፤ ይህን የመጨረሻውን ከሰማሽ ደግሞ በዚያው ቀን። ጸበሉን አትተዪ፣ ሐኪሙንም አትተዪ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ጦርነት ያየ ልጅ መታከሙ የእምነት ማነስ አይደለም።

በመጨረሻ አንድ ያልጠየቅሽኝን ልጨምር። የስኳር በሽታ በዘር የመተላለፍ ዕድል አለው፤ አባት አለበት ማለት ግን ልጁ የግድ ይይዘዋል ማለት አይደለም። ልጁ ይህን ከሰው ሰምቶ በልቡ እየፈራ ሊሆን ይችላል። ቶሎ ቶሎ የሚጠማው፣ ሽንት የሚያመላልሰው፣ እየበላ የሚከሳ ከሆነ ሳትውዪ ሳታድሪ አስመርምሪው። ምንም ምልክት ባይኖረውም የጣት ደም ምርመራው ቀላል ነውና ጤና ጣቢያ ይዘሽው ሂጂ፤ ውጤቱንም ባለሙያው ለእሱ እንዲነግሩት ጠይቂ፣ አንቺ አጠገቡ ሆነሽ።